ጠረጴዛዎቻችን አልጋ የሆኑ ጊዜ

ከበሽታው ቀድሞ የደረሰን ስሙ ነበር። ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ አተት ይሉታል። እኛ ጋ፣ በኬንያው ሞያሌ፣ ኮሌራ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው አንድ ኬላ ነው፤ ሽንኩርቱ ከዚያ ይመጣል፣ ሳሙናው ከዚህ ይሄዳል፣ ዘመድ ከሁለቱም ወገን አለ። ማዶ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ «እኛ ጋ እኮ ኮሌራ የለም፣ አተት ብቻ ነው» አለችኝ። ጎረቤቷ በዚያው ሳምንት ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ውላ ሞታለች። ሁለቱ መንግሥታት በስሙ ሳይስማሙ በሽታው በሁለቱም በኩል ቤቱን ሠራ።

ያን ጊዜ ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። የአገሩ ሰው ሆቴሊ ይላታል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ጠረጴዛዎቹንና አግዳሚዎቹን የሠራቸው ባሌ ነው፤ አናጺ ነው። ሁለታችንም በልጅነታችን ከወላጆቻችን ጋር በስደት የመጣን ነን። የስደተኛ ካምፑ ሲዘጋ ወደ አገር ያልተመለሰው ሰው እዚሁ ቀርቶ እጁ የቻለውን ሙያ ያዘ፤ እሱ እንጨት ያዘ፣ እኔ ድስት። ጠዋት ሻይና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ቀን ባቄላ በቻፓቲ ቂጣ፣ ከማዶ ለሚመጡት ደግሞ ሽሮ እሠራለሁ። ሾፌሮቹም ጫኞቹም ያውቁኝ ነበር።

የሻዬን ወተት የሚያመጡልኝ አንዲት ከቡቲዬ መንደር በእግራቸው የሚመጡ ባልቴት ነበሩ። ሁሉም ሰው «አዮ» ይላቸዋል፤ በቦረናዎቹ አፍ እናት ማለት ነው። ከእኔ ጋር ሲያወሩ በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይጨርሱታል። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የጾሜ ወራት ሲደርስ እኔ ሳላስታውሳቸው ራሳቸው ወተቱን ቀነስ አድርገው ይመጣሉ። እናቴ የሞተች ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኖ እሳቸው ብቻ አጠገቤ እንደተቀመጡ ውለው ማደራቸውን አልረሳም። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ በእሳቸው ላይ የደረሰው ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያንገበግበኝ እንድታውቁልኝ ነው።

በሽታው መግባቱ እንደተረጋገጠ የአካባቢያችን አስተዳዳሪ፣ ቺፉ፣ ባራዛ ጠሩ። ባራዛ ማለት የመንግሥትን ቃል የምንሰማበት የሕዝብ ስብሰባ ነው፤ ዛፍ ስር ይደረጋል፣ ሹሞቹ ወንበር ላይ፣ እኛ መሬት ላይ። ቺፉ ክልከላዎቹን በስዋሂሊ ተናገሩ፣ አንድ ሰው በኦሮምኛ ተረጎመው። መንገድ ዳር የበሰለ ምግብ መሸጥ ክልክል ነው። ጥሬ ወተት መሸጥ ክልክል ነው። በአህያ የሚመጣ ውሃ ክልክል ነው። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሰው አይሰበሰብበትም። ትናንሽ ምግብ ቤቶች በሙሉ ይዘጋሉ።

ከቺፉ ጎን የተቀመጠው የጤና ቁጥጥር ሹም ወጣት ነበር፤ ከመሃል አገር የተላከ፣ ጫማው ገና አቧራችንን ያልለመደ። እጃችንን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እንድንታጠብ መከረን። እጄን አወጣሁና ውሃውን ከየት እንደምናመጣው ጠየቅሁት። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ከራርሞ ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚጠጣው አህዮቹ በጄሪካን የሚያመጡትን ነው። ሹሙ የአህያውን ውሃ አፍልተን እንድንጠቀም ነገረን።

«አሁን የአህያ ውሃ ክልክል ነው አላላችሁም?» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቺፉ ስብሰባው አልቋል አሉና ተነሱ።

መጠንቀቅ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። ከባራዛው በፊትም ውሃዬን አፈላ ነበር፤ ደጃፌ ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል አስቀምጬ ሳይታጠብ የሚገባን ሾፌር እመልስ ነበር። በሽታውን ፈርቼዋለሁ። የፈራ ሰው ደግሞ እንዲህ አድርግ ሲሉት ያደርጋል፤ ብቻ የሚሉት ነገር የሚደረግ ይሁን።

በማግስቱ ሹሙ አስካሪ ከሚባሉት የጥበቃ ፖሊሶች ጋር መጣ። ወደ ውስጥ ሳይገባ ከደጅ ሆኖ አየና ቆሻሻ ነው አለ። ድስቶቼን እንዲያይልኝ ለመንኩት፤ በርሜሉንም አሳየሁት። የራሱን ቁልፍ በሬ ላይ ቆለፈና ሄደ። በዚያው ቀን የምሳ ሰዓት ላይ መኪናቸው ከላይ ካለው ትልቁ ሆቴል ፊት ቆማ አየኋት። እሱ አልተዘጋም፤ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ስላለው ንጹሕ ነው ተብሏል። ያ ታንከር በምን እንደሚሞላ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የእኔን በርሜል በሚሞሉት በእነዚያው አህዮች ነው። በጓሮ በር ሲያስገቡት ማንም አይከለክላቸውም።

ቤት መዋሉን ቻልኩት። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነበር። ለበሽተኞቹ አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳኖች ተተክለው ነበር፤ እዚያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ምግብ ቤቴ ሳይዘጋ ጠዋት ጠዋት ሻይ ትጠጣ ነበር፤ ቆማ፣ ሁልጊዜ እንደቸኮለች። ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላት። መንገድ ላይ አገኘኋትና እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት። አልጋ እንዳነሰባቸው፣ የጉሉኮሱ ማንጠልጠያ አልቆ የዛፍ ቅርንጫፍ እንደተከሉ፣ ቅርንጫፍ ያልደረሰው ዘመዱ በእጁ ይዞለት እንደሚቆም ነገረችኝ። «እስካሁን ችለናል» አለችኝ፤ «ከገጠር፣ ከኡራንና ከጎዶማ በሎሪ መምጣት ከጀመሩ ግን የት እንደማስተኛቸው አላውቅም።»

ከዚያ ወዲህ ሎሪ በመጣ ቁጥር ደጄ ላይ ቆሜ አያለሁ። ጭነቱ ላይ የተኛ ሰው ካለ እቆጥራለሁ። ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ይህ ሁሉ ገጠር፣ ሁለት አገር የሚነካካበት ከተማ፣ ያሉት ድንኳኖች ደግሞ አንድ የሠርግ ዳስ አያህሉም። ካውንቲ የሚሉት የአካባቢ አስተዳደር ሲመጣ ሁሉም ነገር ደጃችሁ ይደርሳል ተብለን ነበር። ደጃችን የደረሰው ቁልፍ ነው።

አዮ ወተቱ ቢከለከልም እኔን ለማየት ይመጡ ነበር። አንድ ሁለት ቀን ሳይመጡ ቀሩ። በሦስተኛው ጠዋት ልጃቸው፣ ሁለት ልጆች የወለደች ሴት ናት፣ እያለቀሰች መጣች። ከባሌ ጋር ተከትለናት ወደ ቡቲዬ ሄድን። ቤታቸው ስንገባ አዮን አላወቅኋቸውም። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ጉንጫቸው ከአጥንታቸው ተጣብቋል፣ ድምፃቸው የለም። እጃቸውን ብይዘው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። በሁለት ቀን ሰው እንዲህ ያልቃል ብዬ አላስብም ነበር።

ቦዳቦዳ የሚባለውን የኪራይ ሞተር ጠራን። አንዱ በሩቁ አይቶ ሞተሩን አዞረ። ሌላው ቀረብ ብሎ በሽተኛ ከጫነ ሞተሩን እንደሚወስዱበት ነገረን፤ ትእዛዝ ነው አለ። በሽተኛ በምን ይሂድ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ባሌ እንጨት የሚያመላልስበትን የእጅ ጋሪ አመጣ። ብርድ ልብስ አነጠፍንና አስተኛናቸው። እሱ ገፋ፤ ልጃቸውና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን ጋቢዬን ከፀሐይ እንዲከልላቸው ወጥረንላቸው ሄድን። መንገዱ ጠጠር ነው። ጋሪው በዘለለ ቁጥር «ይቅርታ አዮ» እላለሁ። አይሰሙኝም።

የግቢው ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ሞልቷል አለን። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ እንደገና ለመንን። ማዶ ውሰዷቸው አለ። ማዶ እንዴት እንውሰዳቸው? ኬላው ላይ የታመመ ሰው እንዳያልፍ ታዟል፤ አንድ ቤተሰብ የታመመ አባቱን ይዞ ሄዶ ከዚያ ከተመለሰ ገና አንድ ቀኑ ነበር። ጤነኛው እስከ ማታ ይመላለሳል፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ብቻ ይመለሳል። ወዲህ ሞልቷል፣ ወዲያ ተዘግቷል። ጋሪውን አጥሩ ጥላ ስር አቆምነው። ልጃቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ በኦሮምኛ ትጸልይ ጀመር።

እኔ ጮህኩ። ጨዋ ሴት መንገድ ላይ አትጮህም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ያን ቀን ግን ሰው እስኪሰበሰብ ጮህኩ። ሲስተር ድምፄን ሰምታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ በክሎሪን ነጥቷል። አዮን አየችና ቆዳቸውን በጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ የተቆነጠጠው እንደቆመ ቀረ።

«ጉሉኮስ አለኝ» አለችኝ። «የማስተኛበት ነው የሌለኝ።»

«መሬት ላይ አስተኚያቸው።»

«መሬት ላይ እንዳናስተኛ ታዘናል። ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ መሬት ላይ በሽተኛ እንዳይታይ ተብሏል።»

ያን ጊዜ ደሜ የፈላውን ያህል በሕይወቴ ፈልቶ አያውቅም። በእሷ አልነበረም የተናደድኩት፤ ስትነግረኝ አፈር አፈሩን እያየች ነበር። እንግዲህ ሰው አጥር ስር ቢሞት አይታይም ማለት ነው። ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ቢተኛና ቢድን ግን ያሳፍራል።

ምን ዓይነት አልጋ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ምንም ይሁን፣ ከመሬት ከፍ ያለና መሃሉ የተበሳ ይሁን አለችኝ፤ በኮሌራ የተያዘ ሰው ለመነሳት አቅም ስለማይኖረው ከስሩ ባልዲ ይቀመጥለታል። ባሌን አየሁት። እሱም አየኝ። ምን እንዳሰብኩ ገብቶታል።

«ቁልፉ የመንግሥት ነው» አለኝ።

«ጠረጴዛው የእኛ ነው» አልኩት።

ሲስተር አዮን እዚያው ጋሪው ላይ እንዳሉ ጉሉኮስ ሰክታላቸው ልጃቸው ከፍ አድርጋ እንድትይዘው ሰጠቻት፤ እኛ ወደ ምግብ ቤቱ ሮጥን። ባሌ የብረት መጋዙን አምጥቶ ያን ቁልፍ ቆረጠው። ብዙ ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ የከለከለንም የረዳንም አልነበረም። ከውስጥ ስንገባ ጠረጴዛዎቼ አቧራ ለብሰው ቆመዋል። ባሌ የመጀመሪያው ላይ መዳፉን አሳርፎ ጥቂት ቆየ። እነዚያን ጣውላዎች ሥራ ባነሰበት ክረምት አንድ በአንድ አለስልሶ የሠራቸው ናቸው፤ ሲጨርሳቸው እንደ ልጅ ነበር የተደሰተው። ከዚያ እርሳሱን አውጥቶ መሃሉ ላይ ክብ ሠራና መጋዙን አስነከሰው። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ማየት አልቻልኩም።

ሥራ ፈትተው የተቀመጡት የሎሪ ጫኞች ድምፁን ሰምተው መጡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው አንዱ ሸሚዙን አወለቀና ጠረጴዛውን ተሸከመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እነዚያ ሰዎች በሽታውን እንደ እኔ ይፈሩ ነበር። አግዳሚዎቹንም ሁለት ሁለት አድርጎ ባሌ በምስማር መታቸው፣ እነሱም አልጋ ሆኑ። ዘበኛው ያን ሁሉ እንጨት ሲያይ በሩን በሰፊው ከፈተው።

አዮ በየማለዳው የወተት ዕቃቸውን የሚያሳርፉበት ጠረጴዛ ላይ ተኙ። ጉሉኮሱ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ሲስተር ልጃቸው ብቻ እንድትገባ ፈቀደች፤ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አይ ነበር። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ዓይናቸው ዞሮ እኔን አገኘኝ። ቀና ለማለት ሞክረው አቃታቸው። ልጃቸው ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠግታ ሰማቻቸውና እያለቀሰችም እየሳቀችም መጣች። «የልጄን ዕቃ አበላሸሁባት፣ አሳፈርኳት» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው፤ ልጄ ያሉት እኔን ነው። እኔም አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። አጥር ስር ያስቀሯቸው ሰዎች ሳያፍሩ እሳቸው አፈሩ።

ሁሉም ግን እንደ አዮ አልተረፈም። በዚያው ሰሞን ከኡራን የመጣች ሎሪ አንድ ወጣት ከብት ነጋዴ ይዛ ደረሰች። አባቱ ጭነቱ ላይ አቅፈውት ነው የመጡት። መንገዱ ረጅም ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ አንድም የጤና ጣቢያ ጉሉኮስ አልነበረውም። ከሎሪው ሲያወርዱት ሞቶ ነበር፤ አባትየው ግን ገና አላመኑም፣ ሻሽ እያራገቡለት ነበር። ሬሳውን ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ወሰዱት። አባትየው ልጃቸውን በሥርዓቱ ላጥበው አሉ፤ ክልክል ነው ተባሉ። ፊቱን ብቻ አሳዩኝ አሉ፤ ክልክል ነው ተባሉ። ከሩቅ ቆመው መቃብሩ ሲሞላ አዩ። ለቅሶ ስለተከለከለ ማንም አብሯቸው አልተቀመጠም። ባሌና እኔ ሻይ ይዘንላቸው ሄድን፤ ሽማግሌው ብርጭቆውን ተቀብለው ሳይጠጡት እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ሬሳ አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሲስተርም አስረድታኛለች። ግን ያን አባት ጓንት አልብሶ፣ ውሃውን በክሎሪን አድርጎ፣ በሩቁም ቢሆን የልጁን ግንባር ማሳየት እንዴት ያቅታል? ክልከላ ለማውጣት የበረታ ሰው ለዚህ ሲሆን ለምን ይደክማል?

ትልልቆቹ ሰዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በመኪና ተከታትለው ገቡ፤ ካሜራ ነበራቸው። ያን ቀን ማታ ቤታችን ሬዲዮ ከፍተን ነበር። በኮሌራው ምክንያት በሞያሌ የአልጋ ቁጥር በፍጥነት እንዲጨምር መደረጉን፣ ሁኔታው በቁጥጥር ስር መሆኑን አንድ ባለሥልጣን ተናገረ። ባሌ ምስማር ያቃና ነበር፤ መዶሻውን አስቀመጠ።

«የእኛን ነው የሚለው?» አለኝ።

«የእኛን ነው» አልኩት።

ሬዲዮውን ዘጋው። እሱ ብዙ አይናገርም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለሬዲዮው መልስ ስሰጥ አደርኩ።

በሳምንቱ ቺፉ ቢሮ ተጠራሁ። ያ ወጣት ሹምም ነበር። የመንግሥትን ቁልፍ ሰብራችኋል፣ ይህ ወንጀል ነው አለኝ። ሳስበው የሄድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የወጣኝ፦ «ቤቴ ቆሻሻ ነው ብለህ ዘጋህ። በሽተኛ ለማስተኛት ግን ንጹሕ ሆነ። በሬዲዮ የቆጠራችሁት አልጋ ከዚያ ከቆሻሻው ቤት የወጣ ነው። የምታስሩኝ ከሆነ መጀመሪያ አልጋዎቹን ከቁጥራችሁ አውጡ።»

ሹሙ ወደ ቺፉ ዞረ። ቺፉ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ አዮም በሩቁ ይዛመዷቸዋል። ብዕራቸውን አስቀመጡና ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ ጥፋተኛ ነሽም አላሉኝም። ክልከላው ሲነሳ ግን ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ የተከፈተችው የእኔ ቤት ናት። ቧንቧ ካላስገባሽ አይሆንም እያሉ አመላለሱኝ፤ ቧንቧ አስገባሁ። ውሃ ግን አይመጣበትም። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ቧንቧውን ነክተው፣ አለ ብለው፣ ሄዱ።

ጠረጴዛዎቹ አልተመለሱም። በሽታው ሲያበቃ ድንኳኑም ፍራሹም እንጨቱም በአንድ ላይ ተቃጠለ፤ መቃጠሉ ትክክል ነበር። በምትኩ የተሰጠን ነገር የለም፤ ምትክ አልጋም ለከተማው አልመጣም። ሲስተር ወደ ሌላ ካውንቲ ተዛወረች። ስትሰናበተኝ «የሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ይጮኽባቸው» አለችኝና ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደከመ ነበር።

አዮ እስከ ዛሬ አሉ፤ ወተቱን አሁን ልጃቸው ናት የምታመጣው። ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሳወራ ከሰሙ አይወዱም። እንደዚያ ሆነው መታየታቸው ያሳፍራቸዋል፤ «ተይው፣ አላህ አትርፎኛል» ይሉኛል። እኔም አላህ እንዳተረፋቸው እነግራቸዋለሁ፣ አጥር ስር ያስቀመጣቸው ግን እሱ አለመሆኑንም እጨምራለሁ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም፤ እኔም ማውራቱን አልተውኩም።